ገጽ ዐሥራ ሰባት

ታኅሣሥ 4 ቀን

እታለም፣

እንዴት ነሽ? እኔ ደህና ነኝ። አክስቴ ከመጣች ወዲህ ቤቱ ይጸዳል፣ ምግብ በሰዓቱ ይቀርባል፣ ሳልራብ እንኳ «ብላ እንጂ፣ ምን ሆነህ ነው?» እባላለሁ። የምትተኛው ያንቺ አልጋ ላይ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ሌላ ቦታ የለም። እንዴት እንደምታንኮራፋ ብትሰሚ በሳቅ ትሞቺ ነበር። እንዲህ ማለት አልነበረብኝም። ግን አንዴ ጽፌዋለሁ፣ አልሰርዘውም።

ደብዳቤ መጥቶልሻል። ከአባባ፣ ከአያታችን ወንድም ነው። ፖስታው ላይ ያለው ያንቺ ስም ስለሆነ ሁለት ቀን ሳልከፍተው አቆየሁት፤ የሰው ደብዳቤ ከፍቼ ጆሮዬን የቆነጠጥሽኝን አልረሳሁም። በሦስተኛው ቀን ከፈትኩት።

አባባ አልሰሙም። ከሞትሽ ዛሬ ሃያ ሦስተኛ ቀንሽ ነው፣ እሳቸው ግን እንደምን ሰነበትሽ ይሉሻል። አክስቴን «ልጻፍላቸው?» ብላት ጮኸችብኝ። «የሰማንያ ዓመት አጎቴን በወረቀት ልትገድልብኝ ነው? በሰው አገር፣ ሚስቱ አልጋ ላይ፣ ትከሻውን የሚይዘው ሰው በሌለበት! ተው። እኔ ቀን ጠብቄ፣ ሰው ፈልጌ አስነግረዋለሁ።» መቼ ስላት ሲመች አለችኝ። ለመርዶ የሚመች ቀን መቼ እንደሚውል እንጃ።

የጻፉልሽ ስለ መጽሐፉ ነው። ስለዚያ መጽሐፍ እኔ የሰማሁት አንቺ ከተቀበርሽ በኋላ ነው። የማተሚያ ቤቱ ኃላፊ ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ ተቀመጠ፣ ተቀመጠና፣ «ነፍሷን ይማር፣ እንደሷ ያለ ጠራዥ አላየሁም፤ የመጨረሻ ሥራዋ ግን አዋርዶናል» አለ። የልጆቹ የፍጥረት መጽሐፍና የአሥረኛ ክፍል ሳይንስ በአንድ ሳምንት ጥረዛ ክፍል ገብተው ኖሮ፣ በስልሳ የፍጥረት መጽሐፎች ውስጥ የሳይንሱ ቅጠል ገብቷል። ከየመደብሩ አስመልሰው በመቁረጫው ማሽን ከተከቷቸው። አንድ እንኳ አላስቀሩም።

አንድ ግን ቀርቷል። አባባ ጋ ነው። አንቺ ነሽ የላክሽላቸው።

ታላቅ እህቴ፣ ከሁሉ በላይ ማወቅ የምፈልገው ይሄን ነው። የፊዚክስ አስተማሪያችን ዓለም እንዴት እንደ ጀመረ ያስተማረን ቀን ሮጬ መጥቼ ስነግርሽ፣ አንቺ የዚያን የልጆች መጽሐፍ ወረቀት ጭንሽ ላይ ይዘሽ ታጥፊ ነበር። ሁሉም ነገር ከአንዲት ነጥብ ወጣ አልኩሽ። ቀና ብለሽ «እሺ፣ ማን ለኮሰው?» አልሽኝ። የሳቅሽብኝ መሰለኝ። «ቀኑን ሙሉ ተረት ስታጥፊ የምትውዪ፣ ምን ይገባሻል!» አልኩሽ። እኔን ለማሳደግ ከስምንተኛ ክፍል እንደ ወጣሽ እያወቅኩ አልኩሽ። የቀረሽን ወረቀት አጥፈሽ ጨርሰሽ ተኛሽ። ከዚያ በኋላ ስለ እሱ ነገር አላወራንም። ከዚያ ታመምሽ።

ስልሳውን የደባለቅሽው ደክሞሽ፣ በሽታው ጀምሮሽ ነው? ወይስ ለእኔ የምትይው ነገር ነበረሽ? ያ መጽሐፍ ካልመጣ መቼም አላውቅም።

ታናሽ ወንድምሽ ለምን
(አንቺ ብቻ የምትጠሪኝን ስም አሁን አባባም ይጠሩኛል። መቼ ነገርሻቸው?)

*

ኅዳር 16 ቀን

ለእህቴ የልጅ ልጅ፣ ለዓይኔ መነጽር፣

ይህ ወረቀት ደጅሽ ሲደርስ አንቺን በጤና፣ ወንድምሽን በትምህርቱ፣ ምድጃችሁን በሙቀቱ ያግኛችሁ። እኛ እዚህ አራተኛ ፎቅ ላይ አለን። አሳንሰሩ ከተበላሸ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው፤ ዳቦ ልገዛ ስወርድ ከመሬት ሰዎች እሰናበታለሁ፣ ስመለስ ከሰማይ ሰዎች ጋር እገናኛለሁ። እማማ አልጋዋ ላይ ናት፣ ዓይኗ ጨርሶ ጠፍቷል፣ አንደበቷ ግን እንዳለ ነው፣ ጨምሯል እንጂ አልቀነሰም።

መጽሐፉ ደረሰኝ! ልጄ፣ ምን ብዬ ልመርቅሽ?

የልጆች መጽሐፍ ነው ብዬ ንቄው ነበር። ጠዋት ሻያችንን ጠጥተን ለእማማ ማንበብ ጀመርኩ። ጨለማው፣ ውሃው፣ ከዚያም የመጀመሪያው ቀን ብርሃን። ዐሥራ ስድስተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ልጆች ሆይ፣ ፀሐይ ገና ሳትፈጠር ያ ብርሃን ከየት መጣ ብላችሁ ብትጠይቁ፣» ይልና ገጹ ያልቃል። ይህንን ጥያቄ በስምንት ዓመቴ መምህሬን ጠይቄ የመለሱልኝ በኩርኩም ነው። ከዚያ ወዲህ ሰባ ሁለት ዓመት ሙሉ ጭንቅላቴን እያሻሸሁ ኖሬያለሁ። ገጹን ስገልጥ ዐሥራ ሰባት ላይ ምን አለ? «እጅግ ትንሽ፣ እጅግ የጋለና እጅግ የታመቀ ከነበረ ነገር ነው። መለጠጥ ሲጀምር ብርሃን ሞላው።» ይኸው! ያለ ኩርኩም!

ከዚያማ ንባቡ እንደ ቁልቁለት ይወስዳል። ከዋክብት ተራ በተራ ይለኮሳሉ፣ ፀሐያችን ዘግይታ ትመጣለች፣ ምድር እንደ ፍም ትግልና ትበርዳለች። ያ የመጀመሪያው ብርሃን አልጠፋም ይላል፤ እየሳሳና እየቀዘቀዘ ዛሬም ቦታውን ሁሉ ሞልቶታል፣ ዓይን ግን አያየውም። ይህን ሳነብላት እማማ «ቆይ፣ ቆይ» አለችኝ። «ማንም የማያየው ብርሃን አለ ማለት ነው?»

«እንዲያ ይላል።»

«እንግዲያው ሁላችሁም ከእኔ ጋር እኩል ናችሁ» አለችና ሳቀች። ከዚህ አገር በጋ ወዲህ ስትስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

አሁን በየጠዋቱ ከዚያች ገጽ ካልጀመርኩላት ቁርስ አትቀምስም። ማን ነው ይህን የጻፈው? ሁለተኛ ክፍል ካለው ፈልገሽ ላኪልኝ። ስልክ አትደውዪ፣ በስልክ ንብ ብቻ ነው የሚሰማኝ፤ ጻፊልኝ።

ፈጣሪ እጅሽን አያድክመው። ያን ለምን የምትዪውን ወንድምሽን ጉንጩን ቆንጥጪልኝ።

አባባ

*

ታኅሣሥ 6 ቀን

ለተከበሩ አባባ፣

ከሩቅም ቢሆን ሰላምታዬ ፎቁን ወጥቶ እንዲደርስዎ እመኛለሁ። እማማ እንዴት አደሩ? እኛ ደህና ነን። ደብዳቤዎ ደርሶናል። እታለም ስላልተመቻት የምጽፈው እኔ ነኝ። እኔም አሥረኛ ክፍል ደርሻለሁ፣ ትምህርቱ ከባድ ነው ግን አያሳፍርም።

አክስታችን ከወሩ መጀመሪያ ጀምሮ እኛ ጋ ናት። ሰላም ብላዎታለች።

መጽሐፉን ስለወደዱት ደስ ብሎናል። የጻፈውን ሰው አላውቀውም። ሁለተኛ ክፍልም ያለው አይመስለኝም።

አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። መጽሐፉን መልሰው ሊልኩልን ይችላሉ? ለትምህርት ቤት አስፈልጎኝ ነው። አስተማሪያችን እንደዚህ ያለ መጽሐፍ ያለው ያምጣ ብሎናል። ሳነብ ተጠንቅቄ እይዘዋለሁ። እና እታለም ስትልክልዎ አብራ የጻፈችልዎ ነገር ከነበረ፣ ምን እንዳለች ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ጤና ይስጥልኝ። እግርዎን ከደረጃው ይጠብቁ።

አክባሪዎ፣ የእህትዎ የልጅ ልጅ

*

ታኅሣሥ 27 ቀን

ለለምን፣ ለጥያቄ አባት፣

ዕድሜህ እንደ ጥያቄህ ይብዛ፣ መልሱም ይምጣልህ። እኛ በበረዶና በደረጃ መካከል አለን። አሳንሰሩ ተሠራና በማግስቱ ተበላሸ፤ ሠሪው ሲወርድ ጥገናውንም ይዞት ሳይወርድ አልቀረም።

ደብዳቤህን አንብቤዋለሁ። አጭር ነው። ቆንጆ የእጅ ጽሑፍ አለህ፣ ግን አንድ ነገር ልንገርህ አትቆጣ፦ ወረቀትህ የደረሰኝ እንደ ወለቀ ሸሚዝ ተጨማድዶ ነው። እህትህ እንድታጥፍልህ አልጠየቅካትም? እሷ የምትልክልኝ ወረቀት ጠርዙ ጣት ይቆርጣል።

እንዲያው ልጠይቅህ፦ አልተመቻትም ስትል ሥራ ነው፣ ጤና ነው? አክስትህስ ልጆቿን ጥላ ከወሩ መጀመሪያ ጀምሮ እናንተ ጋ ምን ትሠራለች? ልትመልስልኝ ከፈለግክ መልስ። ካልፈለግክ የፈለግከውን ጻፍልኝ፣ ብቻ ጻፍ።

ስለ መጽሐፉ እማማን ጠየቅኳት። «ትምህርት ቤቱ ሌላ ይግዛ» አለች። ቃል በቃል ነው የጻፍኩልህ። እንዴት ብዬ ልንጠቃት? ሌሊት የምትተኛው ጠዋት የሚነበብላት ስላለ ነው። ደግሞም ለትምህርት ቤት የሚሆን አይመስለኝም፤ ተማሪ እጅ ገብቶ የሚበላሽ ሥራ አይደለም። የእህትህን ስፌት አይተኸዋል? በሰማያዊ ክር ነው የተጠረዘው። ይኸው በየቀኑ እየተከፈተና እየተዘጋ አንድ ቅጠል አልላላም። አልጋ ላይ ወድቆ፣ ሻይ ፈስሶበት፣ አንድም አልተነቃነቀ። እንደዚህ የሚሰፋ እጅ ይባረክ እያልኩ ነው የምዘጋው።

አብራ ስለ ጻፈችልኝ ነገር ጠይቀኸኛል። ሌላ ጊዜ።

የአንተው አባባ

*

ጥር 19 ቀን

አባባ፣

እባክዎ ቁጭ ብለው ያንብቡት። እማማ ከተኙ ሌላ ክፍል ገብተው ያንብቡት።

እታለም ሞታለች። ኅዳር 11 ቀን። ልቧ ነው አሉን። አሥራ ሦስት ቀን ታመመች፣ በአሥራ ሦስተኛው ቀን ጠዋት ውሃ ስጠኝ አለችኝ፣ ይዤ ስመለስ የለችም። ደብዳቤዎ ሲደርስ ሃያ አንድ ቀን ሆኗት ነበር። አክስቴ አትንገር ስላለችኝ ዋሸሁ። አሁንም ይህን እንደምጽፍ አታውቅም። ለትምህርት ቤት ነው ያልኩትም ውሸት ነው። ይህን ያህል የቆየሁት አምስት ጊዜ ጽፌ አምስት ጊዜ ስለቀደድኩት ነው።

ሌላም ያልነገርኩዎ አለ። መጽሐፉ ስህተት ነው። ሁለት መጽሐፍ ነው፣ አንድ አይደለም። ከገጽ ዐሥራ ሰባት እስከ ሠላሳ ሁለት ያለው የትምህርት ቤታችን ሳይንስ ነው። ሙጫ ናት ሁሉንም ያስረዳችኝ። ሙጫ ከእታለም ጋር ጎን ለጎን ስትጠርዝ የኖረች ሴትዮ ናት፣ አንዴ ከተቀመጠች ስለማትነሣ ነው ስሟ የወጣላት። የእርስዎን ደብዳቤ ይዤ ጥረዛ ክፍል ሄድኩና ሰማያዊ ክር የሚለውን ሳነብላት ከነመቀመጫዋ ዞረች።

«ክር? ክር ነው ያሉት? እስቲ ድገምልኝ።»

ደገምኩላት።

«እነዚያ ስልሳዎቹ እኮ በማሽን የተጣበቁ ናቸው፣ በሙጫ!»

«ታዲያ ምን ለውጥ አለው እትዬ?»

«አይ የተማረ ሰው!» አለችና አንድ ትልቅ ወረቀት አንሥታ አጣጠፈችው። «አየህ፣ አንዱ ወረቀት ሲታጠፍ ዐሥራ ስድስት ገጽ ይሆናል። የልጆቹ መጽሐፍ እንዲህ ያለ ሦስት እጥፍ ነው። የሁለቱም መጽሐፍ ወረቀት አንድ፣ መጠኑ አንድ፣ ሁለተኛው እጥፍ በሁለቱም ከዐሥራ ሰባት ይጀምራል። ክምሩ አጠገብ ላጠገብ ከተቀመጠና የሰው ዓይን ከደከመ፣ አለቀ። ማሽኑ ጀርባውን ሙጫ ይቀባል፣ ውስጡን ማንም አያየውም። በክር ስትሰፋ ግን እያንዳንዱን እጥፍ መሐሉን ከፍተህ ነው መርፌ የምታስገባው። የዚያ እጥፍ መሐል ሃያ አራትና ሃያ አምስት ነው። ሳይንሳችሁ ላይ እዚያ ጋ ምን አለ?»

መጽሐፉ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፣ ገለጥኩት። ሁለቱን ገጽ ሙሉ የያዘ የከዋክብት ሥዕል ነው።

«ይኸውልህ» አለችኝ። «ያን እያየች ነው የሰፋችው። እሷ! የዞረ ነጥብ አይታ የምትመልስ ሴት! ስልሳው ስህተት ይሁን። የሽማግሌው ግን ስህተት አይደለም። አውቃ ነው።» ከዚያ አፍንጫዋን በሽርጧ ጠረገችና፣ «አንተ ደግሞ እዚህ እንዳታለቅስ፣ ወረቀት ይበላሻል» አለችኝ፣ እሷ እያለቀሰች።

ትክክለኛውንም መጽሐፍ አሳየችኝ። በትክክለኛው ገጽ ዐሥራ ሰባት ላይ፣ ያ ብርሃን ከየት መጣ ብላችሁ ብትጠይቁ ከሚለው ቀጥሎ ያለው መልስ ምን እንደሆነ ያውቃሉ? «ታላላቆቻችሁን ጠይቁ» ነው የሚለው። ሙጫ «ብልጥ ጸሐፊ!» ብላ ሳቀች። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

አባባ፣ ከመታመሟ በፊት ክፉ ነገር ተናግሬያታለሁ። ተረት ነው የምታጥፊው፣ አይገባሽም ብያታለሁ። ማን ለኮሰው ብላ ስለጠየቀችኝ ብቻ። አውቃ ከሰፋችው ለምን ለእኔ አልሰጠችኝም? ከእኔ ጋር ከአንድ ግድግዳ ሥር እየተኛች ለምን ባሕር ተሻግሮ ሄደ? ተቀይማኝ ከሆነ ይንገሩኝ፣ እችላለሁ። መጽሐፉን ይላኩልኝ። ይህን ስጠይቅ ከእማማ አፍ እንደምነጥቅ አውቃለሁ። ግን ከእሷ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው።

ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ለምን

*

መጋቢት 8 ቀን

ለልጄ፣

ያጽናህ። ለአክስትህም፣ ለእኔም፣ ለእማማም፣ ሁላችንንም ያጽናን። ከዚህ የተሻለ ሰላምታ ፈልጌ አጣሁ።

ብዙ እንዳቆየሁህ አውቃለሁ። መርዶህ አልገደለኝም፣ አክስትህን ንገራት። የመጀመሪያ ደብዳቤህን የተቀበልኩ ቀን አውቄያለሁ። ያ ወረቀት በእህትህ እጅ አልታጠፈም ነበር። አንድ ቤት ውስጥ እያለች ወረቀት እንደዚያ ሆኖ ከቤት እንዲወጣ አትፈቅድም። አክስትህ መጥታለች ስትለኝ ደግሞ የቀረኝን ጨረስክልኝ። ለብቻዬ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩና ወደ ቤት ገባሁ። አንተ እስክትነግረኝ ጠበቅኩ። አፍህን ከፍተህ እንድትናገረው ፈልጌ ነው፤ ምናልባትም ካልተነገረኝ አልሆነም ብዬ ነው። ሽማግሌ ስትሆን ይገባሃል።

አሁን የእኔን ኃጢአት ስማ። መጽሐፉ ውስጥ አንዲት ወረቀት ነበረች። ያገኘኋት የመጀመሪያውን ደብዳቤዬን ለእህትህ ከላክኩ በኋላ ነው። ሌላ ጊዜ ብዬ የሸሸሁህ ስለሷ ነው። እንዳለች ልገልብጥልህ፦

«አባባ፣ ይሄ መጽሐፍ ስህተት ነው፣ ስህተቱም የእኔ ነው። ዛሬ ከሰዓት ነው ያየሁት፣ ስልሳው ተጣብቆ ካለቀ በኋላ። ለኃላፊው ልነግር ተነሣሁና አንዱን ገልጬ ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ። ከዚያ ተቀመጥኩ። ሌሎቹን ነገ ጠዋት እነግረዋለሁ። ለዚህኛው ግን የሁለቱንም መጽሐፍ እጥፎች ከክምሩ ወስጄ በክር ሰፋሁት። አንብቡትና ፍረዱ፣ ስህተት ነው ወይስ አይደለም? ከዚያ ለለምን ላኩለት። ከእኔ እጅ ከሆነ ልታስተምረኝ ነው ብሎ አይገልጠውም፣ ከእርስዎ ሲመጣ ያነበዋል። አኩርፌው አይደለም። ማን ለኮሰው ብዬ የጠየቅኩት ላሾፍበት አልነበረም፣ እሱ ያውቅ ይሆናል ብዬ እውነቴን ነው የጠየቅኩት። ፖስታ ቤት ሳይዘጋ ልሩጥ፣ ደረቴን ትንሽ እያመመኝ ነው።»

እንግዲህ ይህ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መጽሐፉ የአንተ ነበር። ለለምን ላኩለት የሚለውን እያነበብኩ ዘጋሁትና መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። እማማ ሳቀች፣ እኔም የሳቋ ባሪያ ሆንኩ። አራት ወር የሙት አደራ በላሁ። ይህን ለማንም አልነገርኩም፤ ለእማማ የነገርኳት ደብዳቤህ በመጣ ማግስት ነው። ከዚያ «ላክለት» አለችኝ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ።

ፍረዱ ብላኛለች፣ ልፍረድ። ስህተት ነው ልጄ። ሁለት ሰዎች፣ ሳይተዋወቁ፣ ለየብቻ የጻፉት ነው። ግን እህትህ ስህተቱን አይታ አላወጣችውም፣ ሰፋችው። እኔ ከዚያ በላይ የምፈርደው የለኝም። አንተ እንዴት እንደ ነደደ ተምረሃል። እሷ ማን እንደ ለኮሰው ጠየቀች። እኔ ሁለቱን በአንድ ጠዋት ለአንዲት ዓይነ ስውር ሳነብ ከርሜ አንዱ ሌላውን ሲያባርረው አላየሁም። አስተማሪህ ቢስቅብኝ ይሳቅ። መምህሬም ቢነሡ ኩርኩም ይጨምሩልኝ፣ ቦታው ለምዶታል።

ሠላሳ ሦስተኛው ገጽ ላይ ስንደርስ የሚሆነውን ደግሞ ተመልከት። ሳይንሱ «በዚያ ውሃ ውስጥ የመጀመሪያው ሕይወት እንዴት እንደ ተጀመረ» ብሎ ያልቃል፣ ቀጣዩ ገጽ «እርሱ ያውቃል። ውሃው በዓሣ ተሞላ» ይላል። የልጆቹን መጽሐፍ የጻፈው ሰውዬ «እርሱ ያውቃል» ያለው ስለ ከዋክብት ቁጥር ሳይሆን አይቀርም፤ አሁን ነው የገባኝ። እማማ ግን እዚህ ቦታ ስንደርስ ሁልጊዜ አሜን ትላለች።

ይህን ያህል የዘገየሁት ስለዚህ ነው፦ ከዐሥራ ስድስት እስከ ሠላሳ ሦስት በእጄ ገልብጬልሃለሁ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ መስመሩ ይወጣል ይወርዳል። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለልህ። ሐኪሙ እማማን እስከ ፋሲካ ትዘልቃለች አላለኝም፣ አትዘልቅምም አላለኝ፤ ትከሻውን ነቀነቀ። ዋናው ይምጣ ካልክ በማግስቱ ይላካል። ቃሉ የአንተ ነው። የምትለውን ሁሉ እሺ እላለሁ፣ አልቀየምም፣ እሷም አትቀየምም።

አባባ

*

መጋቢት 30 ቀን

ለአባባ እና ለእማማ፣

እንደምን አላችሁ? ይህ ደብዳቤ ሲደርሳችሁ እማማ ነቅተው ቁርሳቸውን እየጠበቁ ያግኛቸው። ወረቀቱን በደንብ ለማጠፍ ሞክሬያለሁ፣ ሙጫ እያየችኝ። «ይሻላል፣ አሁን የሰው ሸሚዝ መስሏል» አለች።

አይላኩት። ገጽ ዐሥራ ሰባት ላይ ሲደርሱ ጮክ ብለው ያንብቡላቸው። እኔ ስፈልገው የነበረው በደብዳቤዎ መጥቶልኛል። አባባ፣ እውነቷን ነው የጠየቀችኝ። እኔ ደግሞ አላውቅም ማለት ነበረብኝ። እንዴት እንደ ነደደ አውቃለሁ፣ ማን እንደ ለኮሰው አላውቅም፣ አንቺስ ምን ይመስልሻል ብላት እስከ ሌሊት ስናወራ እናመሽ ነበር። ያን ያህል ብቻ ነበር የቀረን።

አስተማሪያችንንም ጠየቅኩት። ክፍል ውስጥ አይደለም፣ ግቢ ውስጥ ለብቻው። «እኔ ቤት ስገባ እጸልያለሁ፣ ክፍል ስገባ አስተምራለሁ፣ ሁለቱን ሰዎች አንድ ላይ አስቀምጬ አላውቅም» አለኝ። ከዚያ ጠመኔውን እያገላበጠ «ምናልባት ማስቀመጥ ነበረብኝ» ብሎ ሄደ።

አክስቴ ትናንት ከሰዓት ወደ ቤቷ ተመለሰች። ልጆቿ ጠሯት፣ እውነታቸውን ነው። አብረን እንሂድ ብላ ሦስት ቀን ለመነችኝ፣ ዓመቱን ልጨርስ ብዬ እንቢ አልኩ። አውቶቡሱ መስኮት ላይ ሆና «ብላ! ተኛ! በሩን ቆልፍ!» እያለች ሄደች፣ ከፊት የተቀመጡት ሰዎች ሁሉ ዞረው እኔን አዩኝ።

ዛሬ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ነቃሁ። የሚያንኮራፋ ሰው አልነበረም። ትንሽ ተኝቼ ጣራውን አየሁ። ተነሥቼ ፊቴን ታጠብኩ፣ መስኮቱን ከፈትኩ፣ ከዚያ የእርስዎን ግልባጭ አንሥቼ መሐል ወለሉ ላይ ቆምኩና ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ያሰብኩት ሁለቱ መጽሐፎች የሚገናኙበትን ቦታ ለማግኘት ነበር። የት ጋ እንደሚጀምርና የት ጋ እንደሚያልቅ በእርሳስ ላሰምርበት እርሳስም ይዤ ነበር። ግን እርስዎ ገጽ አልለዩም። ቁጥሩንም አልጻፉም። ያ ብርሃን ከየት መጣ ብላችሁ ብትጠይቁ ከሚለው ወደ ቀጣዩ ቃል የሄዱት በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ መስመር፣ በአንዱ በሚንቀጠቀጥ እጅ ነው። ጥያቄው አለቀ ስል መልሱ መሐል ደርሻለሁ። ተመልሼ አነበብኩ። እንደገና አለፍኩት። እርሳሱን አስቀመጥኩት።

ሁለተኛ ጊዜ ከመጀመሪያው እስከ ዓሣው ድረስ ሳላቋርጥ አነበብኩ። የጎረቤታችን ሴትዮ በግድግዳው በኩል አንኳኩታ «ማን ነው ልጄ፣ እንግዳ አለህ እንዴ?» አለችኝ። «የለም እትዬ፣ ብቻዬን ነኝ» አልኳት። «ታዲያ ለማን ነው የምታነበው?» አለች። ወደ ግድግዳው ስጠጋ «በል ቀጥል፣ እየሰማሁ ነው» አለችኝ። ቀጠልኩ።

ሰዓት አልፎብኝ ነበር፣ አልሮጥኩም። ቅጠሎቹን ሰብስቤ የእታለም አልጋ ላይ አስቀመጥኩ፣ ደብተሬን ይዤ ወጣሁ፣ በሩን ቆለፍኩ። ቁልፉን የምሰጠው ሰው ስላልነበረ ኪሴ ከተትኩትና ሄድኩ።

ልጅዎ፣ ለምን